ተጉመጥምጦ የነከሰ ውሻ የለም

«አይዞህ፣ ውሻዬ እኮ ጤነኛ ነው!»

ይህን የሚልህ ሁልጊዜ የውሻው ባለቤት ነው፤ ከተነከሰ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። አንተ በአንድ እጅህ የተቀደደ ሱሪህን፣ በሌላው የሚደማ ባትህን ይዘህ ስታነክስ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ የውሻውን ገድል ያነብልሃል። ተከትቧል። ካርድ አለው። በሳምንት ሁለቴ በሻምፖ ይታጠባል። ሥጋ እንኳ ካልተቀቀለለት አይቀምስም።

«ከእኔ የተሻለ እንደሚኖር ገብቶኛል።»

«ንጹሕ ነው ማለቴ ነው።»

«የታጠበው ጀርባው፣ የነከሰኝ አፉ!»

«ተከትቧል እያልኩህ?»

«ክትባቱ እንዳያብድ ነው፤ ጥርሱን አይፍቅለትም።»

እኛ ዘንድ ውሻ ነከሰኝ ላለ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ያበደ ነው?» አይደለም ከተባለ መዝገቡ ተዘጋ፤ የተነከሰው ይስቃል፣ ሰፈሩ ይስቃል፣ ውሻው ወደ ጥላው ይመለሳል። ጥያቄው ራሱ ነውር የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማምለጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥም ከመቶ 99 ያህሉ የሚመጣው በውሻ በኩል ነው። በእሱ አልተርብም፤ ለክትባቱ ሩጡ። ግን ያ ቫይረስ ነው። የዛሬው ተረብ የሚያርፈው ባክቴሪያው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሻው እስኪያብድ አይጠብቅም። በተከተበውና በሻምፖ በሚታጠበው ጤነኛ ውሻ አፍ ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል፤ ውሻውን አንዳች አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ በ18 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል፣ ውሻ ነክሷቸው ቁስላቸው ያመረቀዘባቸውን 50 ሰዎች መረመረ። ግማሾቹ ላይ ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ከዚያም አልፎ ከአንዱ ቁስል ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት ያህል ዓይነት ባክቴሪያ ይለቀም ነበር። በያይነቱ ሳታዝ በያይነቱ ቀረበልህ፤ ያውም የፍስክ!

ፓስቱሬላ ቀጠሮ አያራዝምም። ማታ ተነክሰህ ጠዋት እጅህ ቀልቶና አብጦ ሰዓትህ አልወጣ ይልሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት አይሞላውም። ስሙ የተወሰደው ከሉዊ ፓስተር ነው፤ በ1885 የእብድ ውሻ ክትባትን ለሰው ሰጥቶ ዓለምን ካስደነቀው ሰው። አዲስ አበባም ድሮ ውሻ የነከሰውን ሰው «ፓስተር ሂድ» ትለው ነበር፣ ጉለሌ ያለውን ተቋም ለማለት። እንግዲህ አስበው፤ በአንዱ ፓስተር መርፌ ትወጋለህ፣ በሌላው ፓስተር እጅህ ያብጣል።

«ኧረ ተው አታካብድ! ቀዳዳዋ የመርፌ ናት፤ ደምም ብዙ አልወጣኝም።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ጅቡስ ሰፊ ቀዳዳ ይፈልጋል። ይሄኛው በመርፌ ቀዳዳ ገብቶ በሩን ከውስጥ ይዘጋል።»

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሰፊው ቁስል ያስደነግጣል እንጂ ይታጠባል፤ ጠባቡና ጥልቁ ግን ላዩ ቶሎ ይገጥምና የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። በተለይ እጅ ላይ ከሆነ አሳሳቢ ነው። የእጅ ጅማትና መገጣጠሚያ ከቆዳው ሥር ቅርብ ስለሆነ፣ የውሻ ጥርስ እዚያ ለመድረስ ብዙ መድከም የለበትም። ቀዳዳዋን በፕላስተር አሽገህ «አለፈልኝ» ስትል መገጣጠሚያህ ውስጥ መግል እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ምላስ እንምጣ። ንክሻን የሚፈራ ሰው እንኳ ምላስን ይባርካል።

«የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ የተፋቀ ጉልበቱን ለቡችላው ዘርግቶ።

«ማን አለ?»

«መጽሐፍ! አልዓዛርን ቁስሉን የላሱለት ውሾች አይደሉም?»

«ናቸው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብበኸዋል?»

«ምን ይላል?»

«ሰውየው ሞቷል።»

«መላእክት መጥተው ወሰዱት እንጂ!»

«ወሰዱት፤ ግን ወደ ቤቱ አይደለም።»

ለወዳጄ ፍትሕ ላድርግ፤ የውሻ ምራቅ አንዳንድ ባክቴሪያ ላይ ጥቂት የመግደል አቅም እንዳለው ታይቷል። ውሻ የራሱን ቁስል ቢልስ ከአፉ ተነስቶ ወደ ቆዳው የሚሻገረው የገዛ ቤተሰቡ ነው። አንተ ግን ለዚያ ቤተሰብ እንግዳ ነህ። ምራቁ ጠላቶቹን ትንሽ ቢቀንስ እንኳ የራሱን ሰዎች አያባርርም።

ከእነዚህ የራሱ ሰዎች አንዱ ስሙ እስኪጠራ ድረስ በሽተኛው ሊብስበት ይችላል፦ ካፕኖሳይቶፋጋ ካኒሞርሰስ። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተነገረለት በ1976 ነው፣ ይህን ስም ያገኘው ደግሞ በ1989። ለ13 ዓመት በቁጥርና በፊደል ሲጠራ ከርሞ በመጨረሻ የሰጡት ስም ይህ ነው! ከአራት ውሾች እስከ ሦስቱ አፋቸው ውስጥ ሊይዙት ይችላሉ ይባላል። እነሱን አያስላቸው፣ አያስነጥሳቸው። ሰው ላይ ሲወጣ ግን፣ ደም ውስጥ ገብቶ ከከፋ ከአስር በሽተኛ ሦስቱን ያህል ይገድላል፤ ምልክቱ ከጀመረ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሞቱም አሉ። ደም መርጋት ይጀምርና ጣት ይጠቁራል፤ ከሞት የተረፈው እግሩን ወይም እጁን ተቆርጦ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

«በነከሰ ነው እንጂ በላሰ?» አለችኝ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ። በቪዲዮ ስትደውል ከልጆቿ ቀድሞ ስክሪኑን የሚሞላው ውሻዋ ነው። አፍንጫዋን ይልሳታል፣ ከንፈሯን ይልሳታል፣ ስልኩንም ይልሰዋል፤ እኔ ጉለሌ ሆኜ ፊቴን እጠርጋለሁ።

«በላሰም አለ እታለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመኗ ብሬመን ከተማ ሐኪሞች የጻፉትን ስሚ። የ63 ዓመት ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበር። ውሻው አልነከሰውም፣ አልቧጠጠውም፤ መላስ ብቻ ላሰው። ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ይዞት ሆስፒታል ገባ፣ የውስጥ አካሉ አንድ በአንድ መሥራት አቆመ፣ ሞተ።»

«ውይ! እሱ ወንድ ነው፤ ስለ ራሱ ግድ የለውም።»

«ሴትም አለችልሽ። በ2016 የእንግሊዝ ሐኪሞች የ70 ዓመት ሴት ታሪክ ጽፈዋል። ስልክ ላይ ከዘመዷ ጋር እያወራች ድንገት አንደበቷ ተሳሰረ። እሷም አልተነከሰችም፤ ውሻዋ ይልሳት ነበር። እሷስ ተርፋለች።»

«ስልክ ላይ?»

«አዎ፣ እንዳንቺ። አሁን ያልሽኝን አልሰማሁም፤ ኔትዎርኩ ነው ወይስ ምላስሽ?»

ስልኩን ዘጋችብኝ። ውሻው ሳይሆን አይቀርም የተጫነው።

ይህን ስናገር ሁሌም አንድ ሒሳብ አዋቂ ይነሳል። ኔዘርላንድ ውስጥ ሲጠና ይህ በሽታ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንዱን እንኳ አይነካም ይላል። እውነቱን ነው፤ ብርቅ በሽታ ነው፣ ውሻ የላሰው ሁሉ ቢሞት ኖሮ ይህን አምድ የሚያነብ አይኖርም ነበር።

«ታዲያ በሚሊዮን አንድ ለማይሞላ ነገር ለምን ታስፈራራናለህ?»

«ሎተሪ ስትቆርጥ ግን ‹ይወጣልኛል› ብለህ ነው።»

ደግሞ ዕጣው ለሁሉም እኩል አይደለም። ጣፊያው በቀዶ ጥገና የወጣለት ሰው ዋናው ነው፤ ጣፊያ እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ ከደም አጣርታ የምትይዝ ስለሆነች፣ ከሌለች በሩ ጠባቂ የለውም። የሰውነት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድም አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ የሚጠጣው ይመጣል፤ እሱ ግን ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን አያምንም።

«እኔን ውሻ ቢነክሰኝ የሚሰክረው ውሻው ነው!» አለ ግሮሰሪ በር ላይ ያገኘሁት ጋሼ፣ ለራሱ ተረብ ራሱ እየሳቀ።

«እሱ ይሰክርና ይነቃል፤ አንተ ነህ የማትነቃው።»

«አረቄ ጀርም ይገድላል እኮ!»

«ጠርሙሱ ውስጥ እያለ። አንተ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገድለው ጀርሙን የሚጠብቀውን ዘበኛ ነው።»

ውሻው ግን ለመጉዳት አፉን መክፈት አይጠበቅበትም፤ እግሩን ማንሳት ይበቃዋል። ሌፕቶስፓይራ የሚባለው ባክቴሪያ በውሻ፣ በአይጥና በከብት ኩላሊት ውስጥ ተቀምጦ በሽንት ይወጣል፤ እርጥብ አፈርና የቆመ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ክረምት ላይ የተላጠ እግር ይዘህ ኩሬ ስትረግጥ ይገባል። ሲጠና ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ኩላሊትን ያውካል፤ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ቫይል በ1886 የጻፈው ከባዱ መልኩ በእሱ ስም ይጠራል። እኛ ዓይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ ነው» እንላለን። ብዙ ነገር ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ግን ስንት ጊዜ ያላጠፋችው ወፍ ተከስሳ፣ የሸናው ውሻና አይጥ ከተመልካቹ መካከል ቆመው ይሆን? የእንስሳት ሐኪም ጋ ከሄድክ ጠይቅ፤ ለዚህ ለውሻ የሚሰጥ የተለየ ክትባት አለ፣ የእብደቱ አይሸፍነውም።

መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው የሚሸጡትን ልጆች አልዘላቸውም።

«ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ንጹሕ ዘር!»

«ሼፐርድነቱን ተቀበልኩ፤ ጀርመንነቱን ግን ቪዛውን አሳየኝ።»

«ወላጆቹን ጭምር አውቃቸዋለሁ ፋዘር!»

«ምነው ታዲያ ኋላው ረጠበ?»

«እሱ... ሆዱ ትንሽ ለስለስ ብሎበት ነው።»

ለስለስ ያለው ነገር ካምፓይሎባክተር ሊሆን ይችላል። ቡችላ ላይ ይበዛል፤ ልጅ ቡችላውን ታቅፎ፣ ጭራውን ዳብሶ፣ በዚያው እጁ ዳቦ ሲበላ ወደ ልጁ ይዛወራል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ከ100 በላይ ሰው በዚህ ታሞ ምንጩ ሲፈለግ የቤት እንስሳት መደብር ቡችሎች ሆነው ተገኙ። የሚያስቀው፣ ካሳቀ፣ ባክቴሪያው ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማይበግረው ነበር፤ ቡችሎቹ ገና ሳይሸጡ አንቲባዮቲክ እየተሰጣቸው ያደጉ ናቸውና። ያለ ማዘዣ መድኃኒት መቃም የእኛ ሰፈር አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ውሻም ጀምሮታል።

«ለዚህ ነው እኔ ድመት የማሳድገው» የምትል እመቤት አትጠፋም። እመቤቴ፣ በዚያው በ1999 ጥናት ካመረቀዙት የድመት ንክሻዎች ከአራቱ ሦስቱ ላይ ነው ፓስቱሬላ የተገኘው። የውሻው ግማሽ ነበር። ጥርሷ ቀጭን ነው፣ እንደ መርፌ ሰርስሮ ይገባል። ቁጭ ይበሉ።

ውሻው ስትወልድ አዋላጅ ሆኖ የሚያድረውም ሰው አለ፤ እሱን ባደንቀውም ጓንት ካላደረገ አላጨበጭብለትም። ብሩሴላ ካኒስ የሚባለው፣ በ1966 አሜሪካ ውስጥ በሚያስወርዱ ውሾች ላይ የተገኘው ባክቴሪያ፣ በብዛት የሚገኘው ከእንግዴ ልጁና ከፈሳሹ ጋር ነው። ይኸው ነው፤ እንለፍ።

እንግዲህ ተነከስክ እንበል። መጀመሪያ የሚደርሱልህ ጎረቤቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ሐኪም ናቸው።

«ቡና ነስንሱበት!» ይላሉ እትዬ።

«ፈንዲሻውስ? ዕጣኑስ?»

«ትቀልዳለህ፣ ደም ያቆማል እኮ!»

«ያቆም ይሆናል እትዬ፤ ግን አቦሉን ለቁስሉ ከሰጡት እኛ ቶና ልንጠጣ ነው?»

ቁስል ላይ የተነሰነሰ ቡና፣ አመድ፣ ፌጦ፣ ከካፕሱል የተፈለፈለ ዱቄት፣ ሁሉም ባክቴሪያው ላይ ክዳን ይሆናሉ። የሚያስፈልገው ሳሙናና የሚወርድ ውኃ ነው፣ ለ15 ደቂቃ ያህል። ይህ ለእብድ ውሻው ቫይረስም፣ ለባክቴሪያውም የሚሠራ ብቸኛው የሰፈር መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም የማያከብረው።

«15 ደቂቃ? እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው!»

«እንግዲያው ውሻህንም በፈረቃ ልቀቀው።»

ጀሪካን ውስጥ ያለውም ውኃ ነው፤ አንድ ሰው ያፍስስ፣ አንተ እሽ። ከዚያ ጤና ጣቢያ። እዚያ የእብድ ውሻው ክትባት ይታያል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌህ መቼ እንደሆነ ትጠየቃለህ። ይህም ባክቴሪያ ነው፤ ጥልቅና ቆሻሻ ቁስል ይወዳል፣ ንክሻ ደግሞ ሁለቱንም ያሟላለታል። «ለምን አልሰፉልኝም?» ብለህ ሐኪሙን አትጣላ። የንክሻ ቀዳዳ፣ በተለይ እጅ ላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ሳይሰፋ ይተዋል፤ የገባው እንግዳ መውጫ እንዲያገኝ ነው።

ፋርማሲ በር ላይ የሚቆመውን ደግሞ አውቀዋለሁ።

«ክሎክሳሲሊን ገዛሁ፤ ባለፈው ለብጉንጄ ሠርቶልኛል።»

«ያኔ የነከሰህ ብጉንጅ ነበር?»

ክሎክሳሲሊን ፓስቱሬላን አይመክተውም። ለውሻ ንክሻ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተደባለቀው፣ ሰዉ ኦግመንቲን የሚለው ነው፤ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ደግሞ ሌላ አለ። ምርጫው የሐኪሙ ነው፣ ብጉንጅህ አያዝም።

ከሁሉ የማይገባኝ ግን ሐኪም ፊት ቀርቦ ውሻውን የሚደብቀው ነው። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል፣ እጁ አብጧል።

«ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል ሐኪሙ።

«ወድቄ ነው።»

«ምን ላይ?»

«ድንጋይ ላይ።»

«ድንጋዩ አራት ጥርስ አለው እንዴ?»

የጎረቤት ውሻ ስለሆነ ነው፤ ጎረቤት እንዳይቀየም። ጎረቤትህ በለቅሶህ ድንኳን ሲተክል ይቅርታ ይጠይቅህ ይሆናል። ካፕኖሳይቶፋጋ ላቦራቶሪ ውስጥ ካልቸር ሲደረግ ቀስ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፣ በሽታው ግን ያን ያህል አይታገስም። ስለዚህ ሐኪሙ ቀድሞ እንዲጠረጥር የሚያደርገው የአንተ አፍ ነው። ነከሰኝ በል። ላሰኝ በል። ጣፊያዬ ወጥቷል በል። መጠጥ አበዛለሁ በል፤ ሚስትህ እንደሆነ ታውቃለች። ንክሻው ከዳነ በኋላ እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዘህ ያን ውሻ አስታውሰህ ተናገር፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ቢመጣም እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል።

«ታዲያ ውሻዬን ላባርረው?»

«ማን ባርር አለህ? እሱ ሌባ ያባርራል፤ አንተ ምን ታባርራለህ?»

«ፊቴን ሊልስ ሲመጣስ ምን ልበለው?»

«ና ስትለው በእንግሊዝኛ፣ ተቀመጥ ስትለው በእንግሊዝኛ፣ እጅ ስጥ ስትለው በእንግሊዝኛ፤ ተው የምትለው ቋንቋ ነው የጠፋህ?»

«ተው ስለው ይከፋዋላ!»

«ይክፋው። ለጎረቤት ውሻ ሄዶ ይማህ።»